የነጭ ሽመላ አባቶች

ሽማግሌውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ ያነሳኋቸው ኅዳር ውስጥ ነው። ከሲያትል ሰሜን ጫፍ፣ ከሌክ ሲቲ ተነስቼ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ፌደራል ዌይ እስክደርስ ዝናቡ አንዴም አላባራም። ኤጀንሲው የሰጠኝ ወረቀት ብዙ አያወራም፤ ሰማንያ ስድስት ዓመት፣ ቻይናዊ፣ ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው፣ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ። በሕይወታቸው ምን ሲሠሩ እንደኖሩ አይልም። ለእኛ ዓይነቱ ሠራተኛ ይህን የሚነግረው የለም። የሚነገረን ሰውዬው መዋጥ ይችል እንደሆነና ሻወር ቤት ድረስ በስንት ሰው እንደሚደገፍ ነው።

ልጃቸው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናት። መድኃኒቶቹን፣ የሻወር ወንበሩን፣ ሩዝ የሚቀቀልበትን ዕቃ በጥድፊያ አሳይታኝ ወጣች። መኝታ ቤት ስገባ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያውን ያያሉ። ከአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ በቻይና ፊደል ከላይ እስከ ታች የተጻፈበት ረጅም ቀይ ወረቀት ተሰቅሏል። ጸሎት መሰለኝ።

ወገባቸው ላይ የማንሻውን ቀበቶ አስሬ፣ እግሬን ከፈት አድርጌ፣ ጉልበቴን አጥፌ አነሳኋቸው። ቆመው ትከሻዬን በቀኝ እጃቸው እንደያዙ ቁልቁል እግሬን አዩ።

«መቆም ማን ነው ያስተማረህ?» አሉኝ።

«ኤጀንሲው ስልጠና ሰጥቶናል።»

«እሱን አላልኩህም። ሌሎቹ በወገባቸው ነው የሚያነሱኝ። አንተ መሬቱን በእግርህ ይዘህ ነው። ማን ነው ያስተማረህ?»

የምናወራው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የእሳቸውም የእኔም ሰባራ ነው። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ እያልኩ ነው ያናገርኳቸው። አገሬ እያለሁ ኩንግ ፉ እሠራ ነበር ብዬ ነገርኳቸው፤ ስናገር አፈርኩ። ሐበሻ ለቻይና ኩንግ ፉ እችላለሁ ሲል ብሰማ እኔው ራሴ እስቃለሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«አስተማሪህን ማን አስተማረው?»

«አንድ ቻይናዊ።»

«ስሙ ማነው?»

«አላውቅም።»

«ከየትኛው ክፍለ ሀገር ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩና «እንግዲያው አባት አለህ፣ አያት የለህም» አሉኝ።

ነገሩ ጠልቆ ተሰማኝ። አባቴ ጉራጌ ነው። ገና ፊደል ሳልቆጥር አባቶቼን ያስቆጥረኝ ነበር፤ የእሱን አባት፣ የአያቱን፣ ወደ ላይ እስከ ዘጠኝ። ስሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። ዘሩን የማይቆጥር ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘ ነው ይል ነበር። በደሜ እስከ ዘጠኝ እቆጥራለሁ፤ በቡጢዬ ግን ከአንድ በላይ መቁጠር አልችልም።

አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ፣ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት። አስተማሪያችንን «ማስተር» ነበር የምንላቸው። ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራሉ፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ልብሳቸውን ቀይረው ሲሚንቶው ላይ ይቆሙልናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። የምንማረው ስታይል ነጭ ሽመላ ይባላል። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ከየት እንዳገኙት ይተርካሉ። በወጣትነታቸው፣ ቻይናዎች በሰሜን ተራሮች ላይ መንገድ ሲሠሩ፣ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥረው ነበር። አንድ የሮለር ሹፌር ከሥራ በኋላ ከድንኳኖቹ ጀርባ ብቻውን ቆሞ ይለማመዳል። እሳቸው ከሩቅ ያያሉ። አንድ ቀን ማየቱ አልበቃቸው ሲል እዚያው በቆሙበት እሱ የሚያደርገውን ማድረግ ጀመሩ። ቻይናው አያቸው፤ መጣ፤ አንድ ቃል ሳይናገር ተረከዛቸውን በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ አስተካከለላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተማሪው ሆኑ። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ስሙን ደጋግሞ ነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በትክክል መያዝ አልቻሉም። የስታይሉን ስም የነገራቸው መሬት ላይ በእንጨት ወፍ ስሎ፣ ከዚያ ነጭ ድንጋይ አንስቶ በማሳየት ነበር።

እኛ ይህን ታሪክ እንደ ቅዱስ ነገር ነበር የምንሰማው። ሌሎች ክለቦች ከቪዲዮ ቤት ነው የተማሩት፤ እኛ ግን ከምንጩ ነው የጠጣነው እያልን እንኮራ ነበር።

ዊንተሩን ሙሉ ሽማግሌው ቤት ተመላለስኩ። ሳጥባቸው፣ ሳለብሳቸው፣ ገንፎ የመሰለውን ሩዛቸውን በማንኪያ ስሰጣቸው፣ በደህናው እጃቸው አየሩን እየቆረጡ ያስተምሩኝ ነበር። ሲያትል ውስጥ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት በላይ፣ አርባ ዓመት ትምህርት ቤት ነበራቸው። ስታይላቸው ሁንግ ጋር ይባላል፤ የሁንግ ቤተሰብ ማለት ነው። ቀዩ ወረቀት ጸሎት ሳይሆን የአስተማሪዎች የዘር ሐረግ እንደሆነ የነገሩኝም በዚያ ሰሞን ነው። ከላይ አንድ መነኩሴ፣ ከእሱ ሥር ተማሪው፣ ከዚያ የተማሪው ተማሪ፣ እንዲህ እያለ እስከ እሳቸው አሥር ስም።

«ሲፉ የሚለውን ቃል ነጮቹ አስተማሪ ብለው ይተረጉሙታል» አሉኝ። «ውስጡ አባት አለበት። አብሮህ የሚማር ወንድምህ ነው። ታላቅህ በዕድሜ የሚበልጥህ አይደለም፤ ቀድሞህ የገባው ነው። ልጅ ለመሆን ተንበርክከህ በሁለት እጅህ ሻይ ታቀርባለህ። ሲፉህ ከጠጣ፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ተሸክመህ ነው የምትሞተው።»

የመነሻውንም ታሪክ ነገሩኝ። በደቡብ ቻይና አንድ የሻኦሊን ገዳም ነበር ይባላል። የንጉሥ ወታደሮች አቃጠሉት፤ ከእሳቱ አምስት ሰዎች አመለጡ፤ በየአገሩ ተበትነው የሚያውቁትን አስተማሩ። የደቡብ ስታይሎች አብዛኞቹ አያታቸውን ሲፈልጉ ወደዚያ እሳት ነው የሚመለሱት። ነጭ ሽመላ ደግሞ ከሴት ነው የመጣው ይላሉ። የአንድ ቡጢ አዋቂ ልጅ እህል አስጥታ ስትጠብቅ ሽመላ መጣባት። በቀርከሃ ልታባርረው ብትሞክር በክንፉ ይገፋዋል፤ ብትወጋው ዞር ይላል፤ ልትመታው አልቻለችም። እሷም ከወፉ ተማረች።

እየሰማሁ የማስተር ወፍ፣ ያ መሬት ላይ የተሳለው፣ ቤቱን ያገኘ መሰለኝ። አያቴን ላገኝ ነው ብዬ ልቤ ተነሳ።

የካቲት ውስጥ ይመስለኛል «አሳየኝ» አሉኝ። የሳሎኑን ጠረጴዛ ገፋሁ፤ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ረጅሙን የሽመላ ፎርም ጀመርኩ። አርባ አራት እንቅስቃሴ ነው። ከመጣሁ ወዲህ ብዙም አልሠራሁም ነበር፤ ሰውነቴ ግን አልረሳም። ጨርሼ ስቆም እያላበኝ ነበር።

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት። አሥራ ስምንተኛው ላይ ስደርስ ደህናውን እጃቸውን አነሱ።

«ቁም። እስከዚህ ሰው ነው ያስተማረህ። የፉጂያን ክፍለ ሀገር ነው፤ የገጠር፤ የድሮ። እንዲህ ያለ ጥሩ ሽመላ ካየሁ ቆይቻለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሲኒማ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዝላዩ፣ ክንፍ መዘርጋቱ፣ ዞሮ መርገጡ። ይህን የሚያደርግ ሰው ፊት ለፊቱ ካሜራ ነው ያለው እንጂ ጠላት የለም። አንዳንዶቹን ፊልሞች እኔም አይቻቸዋለሁ። ከየትኛው እንደተወሰዱ ልነግርህ እችላለሁ።»

በዚያን ቀን አይ ፋይቭ ላይ መኪናዎቹ እንደተኮለኮሉ ቆመው ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ እያለሁ ማስተርን ከአንድ ቪዲዮ ቤት ሲወጡ አይቻቸው ነበር። ኮፍያቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተዋል፤ በእጃቸው ትንሽ ደብተር ይዘዋል። ሰላም ስላቸው ደነገጡ። «የእህቴ ልጅ እዚህ ገብቷል ብለውኝ ፍለጋ መጥቼ ነው» አሉኝ። እኔም አምኜ ሄድኩ። ያ ሁሉ ዓመት አምኜ ነበር።

ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን የሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ ለማስተር አይደለም የደወልኩት። አብሮኝ ለተማረ፣ አዲስ አበባ ታክሲ ለሚነዳ ጓደኛዬ ኮል አደረግኩ። ስነግረው ድምፄ ውስጥ ሐዘን ብቻ አልነበረም። እውነተኛ የቻይና ሲፉ ነግሮኝ ነው የምትል ኩራት ነበረችበት። ጓደኛዬ «አትቀልድ!» አለ። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ዝም ማለቱን ምስጢር መጠበቅ አድርጌ ወሰድኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ እዚህ ጠዋት፣ አገር ቤት አመሻሽ ላይ፣ ሽማግሌው ቤት ደጃፍ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ለማስተር ደወልኩ። በጣም ደስ አላቸው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ጉልበቴን እንዳልረሳው፣ በየቀኑ የፈረስ አቋም እንድቆም መከሩኝ። እኔም ወሬውን እያዞርኩ እያዞርኩ አመጣሁት።

«ማስተር፣ አንድ የሚያውቁ ሰው ፎርማችንን አይተውት ነበር።»

«እሺ? ምን አሉ?»

«እስከ አሥራ ስምንተኛው ድንቅ ነው አሉ።»

ከኋላቸው የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ … ከፊልም ነው አሉ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አሉ። ድምፃቸው ያው ዝቅ ያለው ድምፅ ነው። «መንገዱ አለቀ፤ እሱን ወሰዱት። አሥራ ስምንት ነበር የደረስነው። ነገ አሥራ ዘጠነኛውን አሳይሃለሁ ብሎኝ በጣቱ ቆጥሮ፣ ጠዋት ስመጣ ድንኳኑ ተነስቷል። እኔ ምን ላድርግ ልጄ? እናንተ መጣችሁ። ከዚያስ ምንድን ነው ትሉኝ ነበር።»

«ገባኝ፣ ማስተር።»

«ለሌሎቹ ነገርካቸው?»

«አልነገርኩም» አልኩ። ዋሸሁ።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጓደኛዬ ለአንድ ሰው ነግሯል፤ ያ ሰው የድሮ ተማሪዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጽፎታል። አንዱ «በዕድሜያችን ተጫወቱ» አለ። ማስተር ራሳቸው ያሳደጉት፣ ሃያ ዓመት አብሯቸው የቆመ አስተማሪ፣ ከውጭ በፖስታ የመጣ የሌላ ስታይል ሰርተፍኬት ሰቅሎ ተማሪዎቹን ይዞ ወጣ። ፋሲካ ሳይደርስ ግቢው ባዶ ሆነ። እኔ ግሩፑ ላይ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ማስተርን ለመጠየቅም አልደወልኩም፤ ነገ እደውላለሁ እያልኩ ወራት ሄዱ።

ንዴቴን ሽማግሌው ላይ ተወጣሁት። አንድ ቀን ጸጉራቸውን እያበጠርኩ ለማስተር እንደደወልኩና ግቢው እንደተበተነ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ድንገት ጠየቅኋቸው።

«የእርስዎስ ወረቀት? እዚያ ላይ ያሉት ስሞች ሁሉ እውነት ናቸው?»

በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ከታች ወደ ላይ ሦስተኛውን ቁጠር» አሉ። «አስተማሪዬ እሱን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። አስተማሪዬ ዓሣ ሻጭ ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከሦስት ሰው ትንሽ ትንሽ ለቃቀሙ፤ አንዱ ወጌሻ፣ አንዱ መርከበኛ፣ አንዱ ሰካራም። በኋላ ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ሲሉ፣ የዓሣ ሻጭ ቡጢ ልማር ብሎ ማን ይመጣል? ሰው የሚያውቀው፣ የሞተ፣ መልስ የማይሰጥ ጌታ ፈለጉና ስሙን መካከል ላይ ጻፉት።»

«ገዳሙስ?»

«ሄጄ አይቻለሁ። ሦስት ከተሞች ገዳሙ እኛ ዘንድ ነበር ይላሉ። ሦስቱም ጋ ትኬት ይቆርጣሉ። የተማሩት ሰዎች ደግሞ ጭራሽ አልነበረም ይላሉ። ካልነበረ ደግሞ እሳትም አልነካውም፤ ማን ያውቃል።»

«ተማሪዎችዎ ይህን ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ልጄም አታውቅም። አስተማሪዬ ሊሞቱ ሲሉ ነው የነገሩኝ፤ ከዚያ በኋላ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩት። «ታዲያ የእኔን አስተማሪ ለምን ሲኒማ አሉብኝ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ፎርሙን አሳየኸኝ፤ ያየሁትን ነገርኩህ። ለአንተ ነው የነገርኩህ። እሱ ምን አደረገኝ? ለእሱ ለምን ነገርከው?»

ማበጠሪያውን መልሼ አነሳሁ። ጸጉራቸውን አበጥሬ ጨርሼ ምሳቸውን አሞቅኩ።

ማስተር የሞቱት በክረምት ነው፤ የአገር ቤት ክረምት፣ እዚህ ፀሐይ በሆነበት። ጓደኛዬ ሲደውል ግሮሰሪ በር ላይ ነበርኩ። ኩላሊታቸው እንደሆነና ከታወቀ ብዙም እንዳልቆዩ ነገረኝ። ከመሞታቸው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ ጠይቋቸው ነበር።

«አንድ ቀን ሻል ብሏቸው አገኘኋቸው» አለኝ። «ማስተር፣ እስቲ ሽመላውን ያሳዩኝ አልኳቸው። ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው እኮ። ተነሱ፤ ግቢው ውስጥ ጀመሩ። ወንድሜ፣ በሽተኛ አይመስሉም ነበር። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ይቀጥላሉ ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ … እጃቸው እንደተነሳ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱትና ከዚህ በኋላ የእኔ አይደለም ብለው ተቀመጡ።»

«ስለ እኔ ያሉት ነገር ነበር?»

«ሥራው ከባድ ነው ወይ፣ ሽማግሌ ማንሳት ወገብ ይጎዳል ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ምንም አላሉም።»

ዕቃ መጫኛውን ጋሪ እዚያው ትቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ከግሮሰሪው የሚወጡ ሰዎች በመስኮቱ እያዩኝ ያልፋሉ። ለቅሶ ለመድረስ የምሄድበት ቤት የለም፤ በሲያትል ማስተርን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለባለቤታቸው የድምፅ መልእክት ቀድቼ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ሦስተኛውን ላክሁት፤ እግዚአብሔር ያጥናዎት ብቻ ነው ያልኩት። የሠራሁትን አልተናገርኩም። እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ይወድህ ነበር» ብለው መለሱልኝ። ያን መልእክት ደግሜ አልሰማሁትም።

ሽማግሌው ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛ ስትሮክ መታቸውና ሆስፒታል ገብተው አልወጡም። ልጃቸው ቀብሩ ላይ እንድገኝ ጠራችኝ። የድሮ ተማሪዎቻቸው መጥተው ነበር፤ አብዛኞቹ ጸጉራቸው የነጣ፣ ቻይናም ነጭም ጥቁርም። ወደ ትምህርት ቤቱ በገቡበት ቅደም ተከተል ተሰልፈው በተራ ሰገዱ። እኔ ሁሉም እስኪጨርስ ከኋላ ቆየሁና ለብቻዬ ሰግጄ ወጣሁ።

ደጅ ላይ ሁሉም አብረው ፎቶ ሊነሱ ሲደረደሩ አንደኛው ስልኩን ሰጥቶኝ እንዳነሳቸው ለመነኝ። የሁሉም ታላቅ የሆነው ተማሪ ቀዩን ወረቀት ጠቅልሎ ይዞታል። ልጅየዋ ሰጥታው ነው። ከሲፉው ስም ሥር የእሱንና የወንድሞቹን ስም በወርቅ ቀለም አስጽፎ፣ የሚከፍተው ትምህርት ቤት ውስጥ ሊሰቅለው እንደሆነ ነገረኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «እሳቸውን የነኩት የመጨረሻዎቹ እጆች የአንተ ናቸው» አለና እጄን ጨበጠ። «ስለ ትምህርታቸው የነገሩህ ነገር ነበር?»

«የለም» አልኩት። «ስለ ምግብ ነበር የምናወራው።»

ሥራዬ አሁን ካፒቶል ሂል ላይ ነው፤ በእግራቸው የማይቆሙ አንዲት አሮጊት ይዤአለሁ። እሳቸውን የማነሳው በማሽን ነው። ሽመላውን አልሠራም። ከጓደኞቼ አንዱ ለልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ኩንግ ፉ አታስተምርልንም ወይ ሲለኝ፣ ጉልበቴን አሞኛል እላለሁ።